ምዕራፍ ሰባት፦ ያልተጠበቀው ድምፅና የሰቆጣ ቃል ኪዳን

ሰቆጣ በአገራችን የጤና ሰነዶች ውስጥ ስሟ ዘወትር የሚነሣው ከሕፃናት ቁመት ጋር ነው። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ለልማት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደበት ሰሞን፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገባ፤ ቃሉም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። የዋግ ኽምራዋ ከተማ ለዚህ ስም መመረጧ አይገርምም። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር፤ የቃል ኪዳኑ የመጀመሪያ ዙር የተሞከረባቸው 40 ወረዳዎችም የተከዜን ተፋሰስ ተከትለው ከአማራና ከትግራይ ክልሎች የተመረጡ ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ሁሉ የሚነግረን የቁመት ሰሌዳ ነው። ርካሽ ነው፣ የትኛውም ቀበሌ ይደርሳል፣ ለማንበብም ብዙ ሥልጠና አይጠይቅም። ችግሩ ዘግይቶ መናገሩ ነው። ቁመት ከማጠሩ በፊት የሚጎድል ሌላ ነገር አለ። ሕፃኑ ያልጠበቀውን ሲያይ ወይም ሲሰማ አንጎሉ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ በኬሚካሎች የሚመራ ነው፤ ኬሚካሎቹም ከምግብ የሚሠሩ ናቸው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው የሰቆጣን ጉዳይ በሴንቲ ሜትር ብቻ መለካት የጉዳቱን ዋና ክፍል ሳያዩ ማለፍ ነው ብዬ ነው።

ምላሹ ምን እንደሆነ ለመረዳት በዋግ፣ በአበርገሌ ቆላ ፍየል የሚጠብቅ ልጅን ማሰብ ይበቃል። የመንጋው ጩኸት ቀኑን ሙሉ በጆሮው ይገባል፤ እሱ ግን ልብ አይለውም። አንዲት ፍየል ለየት ባለ ድምፅ ስትጮኽ፣ ወይም መንጋው በሙሉ ድንገት ዝም ሲል ግን ሳያስበው ዞር ይላል። ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን ዞር ማለት «ምንድን ነው?» የሚል ምላሽ ብሎት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ሩሲያዊ ኤቭጌኒ ሶኮሎቭ ደግሞ አንጎል የአካባቢውን ልማድ በውስጡ ይይዛል፣ የሚነቃውም አዲሱ ነገር ከያዘው ጋር ሲጋጭ ነው ሲል አስረዳ። ሐሳቡን በኤሌክትሪክ ለመፈተን መሣሪያው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ መዝግቦ፣ በ1929 ለኅትመት አብቅቶታል። በ1965 ደግሞ አሜሪካዊው ሳሙኤል ሰተንና ባልደረቦቹ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ ወይም ብርሃን እርግጠኛ ሆነው መገመት በማይችሉበት ጊዜ፣ ነገሩ ከመጣ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ከፍ ያለ ሞገድ እንደሚነሣ አሳዩ። ዛሬ «ፒ 300» የሚባለው ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተሙት ሥራ ከዚህም ይበልጥ የሚደንቅ ነው፦ የሚጠበቀው ድምፅ ሲቀርና ዝምታ ብቻ ሲሆንም ሞገዱ ይነሣል። ጆሮ ምንም አልሰማም፤ አንጎል ግን መልስ ሰጥቷል። ፍየሎቹ ዝም ሲሉ የሚዞረው ልጅ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ፒ 300 ግን ትኩረትን ይፈልጋል፤ የሦስት ወር ሕፃን ደግሞ «ለየት ያለውን ድምፅ ቁጠር» ቢባል አይሰማም። ለዚህ የሚረዳው ፊንላንዳዊው ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. የገለጹት ሌላ ሞገድ ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግሞ ሲሰማ ቆይቶ በመሐል የተለየ ሲገባ፣ ሰውየው መጽሐፍ እያነበበ እንኳ ቢሆን፣ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎሉ ልዩነቱን ይመዘግባል። እንዲህ ያለ የልዩነት ምላሽ በተኛ አራስ ላይ እንኳ ይለካል። መጠኑ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ስለሆነ ድምፁን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ አሰምቶ አማካዩን ማውጣት ግድ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ቋንቋ ግን አይጠይቅም። ይህ ለዋግ ትንሽ ነገር አይደለም። የልጆች አእምሮ መፈተኛዎች በአብዛኛው በውጭ አገር ተዘጋጅተው የሚተረጎሙ ናቸው፤ ኽምጣንኛ በሚናገር ቤት ያደገ ልጅ በአማርኛ ወይም ከእንግሊዝኛ በተመለሰ ጥያቄ ሲፈተን፣ የተለካው አእምሮው ይሁን ፈተናውን መልመዱ ለመለየት ያስቸግራል። «ቲው፣ ቲው፣ ቲው፣ ቷ» የሚል ድምፅ ግን ትርጉም አይፈልግም።

እንግዲህ ሞገዱን የሚያስነሣው ምንድን ነው? ከራስ ቅል ላይ የሚለካው ኤሌክትሪክ እልፍ አእላፍ የነርቭ ሕዋሳት በአንድነት መልእክት ሲቀበሉ የሚፈጠር ነው፤ መልእክቱ ደግሞ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚሻገረው በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ፈጣኑ መልእክተኛ ግሉታሜት ይባላል። በሆስፒታሎቻችን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት የሚታወቀው ኬታሚን ከግሉታሜት መቀበያዎች አንዱን የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ ጤነኛ ሰዎች ራሳቸውን በማያስት አነስተኛ መጠን ሲሰጣቸው የልዩነት ሞገዱ ይቀንሳል። ድምፁ ያው ነው፣ ጆሮው ያው ነው፤ የተለወጠው ኬሚካሉ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኖርአድሬናሊን ነው። ምንጩ በአንጎል ግንድ ውስጥ በግራና በቀኝ የምትገኝ፣ ቀለሟ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባል እጅግ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ናት። ትንሽ ትሁን እንጂ ቅርንጫፎቿ መላውን የአንጎል ቅርፊት ያዳርሳሉ። ያልተጠበቀና ቁም ነገር ያለው ነገር ሲመጣ እነዚህ ሕዋሳት ባንዴ ይተኩሳሉ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ በጦጣዎች ላይ ይህ ስብስብ ሲጎዳ ፒ 300ን የመሰለው ሞገዳቸው ተዳክሟል። ሦስተኛው ዶፓሚን ነው። የዶፓሚን ሕዋሳት ከተጠበቀ ሽልማት ይልቅ ላልተጠበቀው እንደሚነቁ የቮልፍራም ሹልትዝ የጦጣ ሙከራዎች አስረድተዋል፤ ለአዲስ ነገር በግንባር በኩል ከሚነሣው የሞገድ ክፍል ጋርም ተመራማሪዎች ያያይዙታል። አራተኛው አሴቲልኮሊን ነው። በየመንደሩ ጥግ የሚበቅለው አስተናግር የበላውን ሰው የሚያስቀባዥረው በውስጡ ያሉት ስኮፖላሚንና አትሮፒን የአሴቲልኮሊንን መቀበያ ስለሚዘጉ ነው፤ ስኮፖላሚን በቤተ ሙከራ በልክ ሲሰጥም ፒ 300 ይዘገያል፣ ያንሳልም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል መልስ እንዳለው ማስመሰልም አይገባም። አራት ኬሚካሎች አንድን ሞገድ የሚነኩ ከሆነ፣ ሞገዱ ሲያንስ የትኛው እንደጎደለ በምን ይታወቃል? በዚያ ላይ የመድኃኒት ሙከራዎቹ ሁሉ አንድ ቃል አይናገሩም። የኖርአድሬናሊንን ፍሰት የሚቀንሰው ክሎኒዲን በጦጣዎች ላይ ሞገዱን ሲያሳንስ፣ በሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ውጤታቸው የተለያየ ነው። ተቃውሞው እውነት ስለሆነ እቀበለዋለሁ። ሞገድ አይቶ «የዚህ ልጅ ዶፓሚን ጎድሏል» የሚል ሰው ካለ አይታመን። የእኔ ክርክር ግን የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ከሞገዱ ተነሥቼ ወደ ኬሚካሉ አልሄድም። የምለው ከእነዚህ ኬሚካሎች የአንዱ አሠራር ሲዛባ ያልተጠበቀውን የመለየት ምላሽ ሊለወጥ ይችላል የሚለውን ብቻ ነው። ለዚህኛው የኬታሚኑም፣ የስኮፖላሚኑም፣ የጦጣዎቹም ማስረጃ በቂ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ኬሚካሎቹን ከመድኃኒት ሌላ ምን ሊያዛባቸው ይችላል የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ወደ ሰቆጣ ይመልሰናል።

ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚሠሩት ታይሮሲን ከሚባል የፕሮቲን ንጥረ ነገር ነው። ታይሮሲንን ወደ ዶፓሚን መንገድ የሚያስገባው ኢንዛይም ያለ ብረት አይሠራም። በብረት እጥረት ያደጉ አይጦች ሲመረመሩ የዶፓሚን መቀበያዎቻቸው ቀንሰው ተገኝተዋል። የነርቭ ክሮችን ሸፍኖ መልእክት የሚያፋጥነው የስብ ሽፋንም ሲሠራ ብረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብረት ሲጎድል ኬሚካሉም ፍጥነቱም አብረው ይጎዳሉ። የዋግ ሰው እህሉ ጤፍና ማሽላ፣ ገብስና ባቄላ ስለሆነ «ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ ምን ጎደለን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የሚገባ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ውሕድ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እናቶች ስሙን ሳያውቁ ለዘመናት ሲያሸንፉት የኖሩት በዚህ ነው። የደም ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን መርምራ፣ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ስለ ደጋ ሰው ደም የምናውቀው ከሌሎች ተራሮች የተቀዳ ደንብ ሁሉ እኛ ዘንድ እንደማይሠራ ያስታውሰናል። ከሁሉ በላይ ግን ብረት ሲያጥር የሕፃኑ ሰውነት ለቀይ የደም ሕዋስ ቅድሚያ ይሰጣል፣ አንጎል ይጠብቃል። ደሙ ገና «ደኅና» እያለ አንጎሉ ሊቸገር ይችላል ማለት ነው።

የዚህ ጉዳት የኤሌክትሪክ አሻራ ቁልጭ ብሎ የተጻፈው በቺሊ ነው። በሳንቲያጎ በብረት እጥረት ደም ማነስ የታመሙ የስድስት ወር ሕፃናት ሲመረመሩ ድምፅ በአንጎል ግንዳቸው ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ ከጤነኞቹ ይረዝም ነበር። ብረት ተሰጣቸው፣ ደማቸው ዳነ፤ መዘግየቱ ግን በ12ም በ18ም ወራቸው አልጠፋም። በሕፃንነታቸው እንዲህ ታመው የነበሩ ልጆች በአሥር ዓመታቸው ሲፈተኑ ደግሞ ፒ 300 ሞገዳቸው ከእኩዮቻቸው ያንስ ነበር። ወዲያውኑ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል፦ ብረት የጎደለው ልጅ ሌላም ብዙ ነገር ጎድሎታል፤ ቤቱ ድሃ ነው፣ እናቱ ደክማለች፣ መጫወቻ የለውም፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል። ጥፋቱ ለምን በብረት ላይ ይለጠፋል? አይጦቹ የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ነው፤ በቤተ ሙከራ የሚጎድልባቸው ብረት ብቻ ነው፣ የኬሚካላቸው መዛባት ግን አልቀረም። በሰውም ላይ ቢሆን ሩዋንዳ ውስጥ ብረት እንዲበዛበት የተዳቀለ ባቄላ በዕጣ ለተመደቡ የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ለ18 ሳምንታት ተሰጥቶ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ የብረታቸው መጠን መሻሻል ከአንጎላቸው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴና ከትኩረትና ከማስታወስ ፈተና ውጤታቸው መሻሻል ጋር አብሮ ሄዷል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች በዕጣ ሲከፈሉ ድህነት ሁሉንም ያስረዳል የሚለው መከራከሪያ ይሳሳል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳነባቸው የምገነዘበው ጉዳቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ የዕለት የኬሚካል አቅርቦት ነው፤ ይህ በአዋቂነትም ይታረማል። ሌላው አንጎል ሲገነባ የቀረ ግንባታ ነው፤ ይህኛው ቀኑ ካለፈ በኋላ በኪኒን አይመለስም፣ ወይም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ለዋግ በአኗኗር ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ጥናት የመጣው ከጋምቢያ ነው። ኬኔባ በተባለች የገጠር መንደርና በእንግሊዝ አገር የተወለዱ ሕፃናት ተመሳሳይ ድምፆችን እንዲሰሙ ተደረገ፤ አብዛኛው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ አልፎ አልፎ ሌላ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልተሰማ አዲስ ድምፅ ይገባበታል። የእንግሊዞቹ ሕፃናት ምላሽ ከአንድ ወር እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ብርቅ ለሆነ ድምፅ ሁሉ የነበረው ምላሽ ወደ አዲሱ ድምፅ አዘነበለ። በጋምቢያዎቹ ላይ ይህ ለውጥ እንደዚያ አልታየም። ከዚህ ተነሥቶ «የአፍሪካ ሕፃን ዘገየ» ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ደካማ መደምደሚያም ነው። የእንግሊዝ ሕፃን የሰው ልጅ ሁሉ ሚዛን እንዲሆን ማን ወሰነ? ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት፣ በሬ በሚያገሳበት፣ ሙቀጫ በሚወቀጥበት ግቢ የሚያድግ ሕፃን ጆሮው የሚለምደው ሌላ ዓይነት ዓለም ነው። በጥናቱ ለእኔ ክብደት ያለው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት አይደለም። በሞገዱ ላይ የታየው ለውጥ ሕፃናቱ ቆየት ብለው ከተፈተኑት የዕድገት ፈተና ጋር ተዛምዶ መገኘቱ ነው፤ መሣሪያው ገጠር ገብቶ መሥራቱም እንዲሁ። ለሰቆጣም ቢታሰብ ንጽጽሩ መሆን ያለበት በብረትና በምግብ በሚለያዩ የዋግ ሕፃናት መካከል ነው፤ ከለንደን ጋር መሆን የለበትም።

ሌላው ነገሩን የሚያወሳስበው ጦርነት ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ዋግን አዳርሷል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልለው ኖረዋል። ፍርሃት ኖርአድሬናሊንን ይጨምራል፤ ታዲያ የፈራ ሕፃን ያልተጠበቀውን ይበልጥ ይለይ የለም? አይደለም። ሎከስ ሴሩሊየስ ሁለት ዓይነት አሠራር አላት። በእርጋታ ጊዜ ዝግ ብላ ትቆይና ቁም ነገር ሲመጣ በአጭሩ ትተኩሳለች፤ በሥጋት ጊዜ ደግሞ ያለ ፋታ ስለምትተኩስ አጭሩ ምላሽ ከሌላው ተለይቶ አይወጣም። ሁሉም ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ የመምህሩን አዲስ ቃል ከበር መንጓጓት ለይቶ የሚይዝበት አቅም ያንሰዋል። እንግዲህ የራበውና የፈራው ልጅ ችግሩ ድርብ ነው፦ ኬሚካሉን የሚሠራው ንጥረ ነገር ያጥረዋል፣ ያለውንም ጥቂት ያለ ጊዜው ያወጣዋል። መቀንጨርን በእህል እርዳታ ብቻ እናጠፋለን የሚለው ስሌት ይህን ሁለተኛውን ወጪ አይቆጥርም።

ታዲያ ለየሕፃኑ ብረት ይታደል? እንዲህ ቢቀል ጥሩ ነበር። በዛንዚባር ግዛት በፔምባ ደሴት ወባ በበዛበት አካባቢ ለሕፃናት ሁሉ ብረትና ፎሊክ አሲድ ሲታደል በጠና የታመሙትና የሞቱት መጨመራቸውን በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። የዋግ ደጋ ብርድ ነው፤ ወደ ተከዜ የሚወርዱት የዝቋላ፣ የሳህላና የአበርገሌ ቆላዎች ግን የወባ አገር ናቸው። በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ ትእዛዝ አይሠራም፤ ቆላ ላይ አጎበርና የወባ ሕክምና ሳይቀድም ብረት ማደል አደጋ አለው። ሌላም የሚያሠጋኝ አለ፦ ስለ አንጎል ሞገድ ማውራት «የተራበ አገር ልጅ አእምሮው ደካማ ነው» ለሚል ንቀት ማስረጃ እንዳይሆን። ሞገዱ ግን የማሰብ ችሎታ ልክ አይደለም፤ አንድ አንጎል በአንድ ሰዓት ባለው ኬሚካል የሰጠው ምላሽ ነው። የሩዋንዳ ተማሪዎች በ18 ሳምንት ሲለወጡ የተለወጠው ዘራቸው ወይም ተሰጥኦአቸው አልነበረም። ስለ ቁመት ብቻ ስናወራ ነው ይልቁንስ ንቀቱ የሚመቸው፤ አጭር ልጅ አጭር ሆኖ ይቀራል ብሎ ማለፍ ይቻላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ሕፃን ይዞ የሚወለደውን ብረት በብዛት የሚያከማቸው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ነው፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የምታገኘው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን የልጁን የኬሚካል ስንቅ ጭምር ይነካል። ኪኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ብዙዎች ያቋርጡታል፤ ይህን በግልጽ ተናግሮ እንዴት እንደሚወሰድ ማስረዳት ከመቆጣት ይሻላል። ሌላው አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋላጇ እትብቱን ከመቁረጧ በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ብትታገሥ፣ ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም እስከ ስድስት ወር የሚዘልቅ የብረት ጥቅም ይሰጠዋል። እነዚያ ስድስት ወራት የጋምቢያው ጥናት ለአዲስ ድምፅ የሚነሣውን ምላሽ ሲለወጥ ያየባቸው፣ የቺሊው ደግሞ መዘግየቱን መጀመሪያ የለካባቸው ወራት ናቸው።